ጉንጩ የቀላ ማንጎ

ግንቦት ሲገባ የፍኖተ ሰላም ገበያ የማንጎ ይሆናል። ከብር ሸለቆ በኩል፣ ከማንኩሳ አካባቢና ከሌሎች የጃቢ ጠህናን ቀበሌዎች የሚመጣው ፍሬ በማዳበሪያ ከረጢትና በእንጨት ሳጥን ተሞልቶ ይደረደራል፤ ገዢውም ጎንበስ ብሎ በዓይኑ ይመርጣል። ዘንድሮ ዝርያዎቹን ሳልቀላቅል ለየብቻ እየገዛሁ፣ እኩል እስኪበስሉ አቆይቼ፣ ከቤተሰቤ ጋር እያነጻጸርሁ ቀምሻቸዋለሁ። ወደዚህ የገፋኝ የዋጋው ነገር ነው። ጉንጩ የቀላ ማንጎ ከአረንጓዴው ሁልጊዜ ይወደዳል፤ ያ ቅላት ምላስ ላይ ሲደርስ ዋጋውን ያህል ይገኝበት እንደሆነ ማወቅ ፈለግሁ።

የአገሬውን ማንጎ ላስቀድም። ይህ በየጓሮው ከዘር በቅሎ፣ ማንም የዝርያ ስም ሳያወጣለት፣ ቤት የሚያህል ዛፍ ላይ በዘለላ የሚያፈራው ትንሹ ማንጎ ነው። መልኩ የሚያኮራ አይደለም፤ ልጣጩ ቢጫና አረንጓዴ የተደባለቀበት፣ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣብ የበዛበት፣ መዳፍ ውስጥ ገብቶ የሚጠፋ ነው። መዓዛው ግን ከሁሉም ይልቃል፤ ጥቂት ፍሬዎች ጓዳ ውስጥ ካደሩ ጠዋት በሩን የሚከፍት ሰው ማንጎ እንዳለ ሳይነገረው ያውቃል። ቢላዋ አይወድም፤ በእጅ አሽተው፣ ጫፉን በጥርስ ከፍተው የሚመጡት ነው። ጭማቂው ብዙ፣ ጣፋጭነቱ ከኮምጣጣነት ጋር የተመጣጠነ፣ ወደ ዘሩ ሲጠጉ ደግሞ ጎምዘዝ የሚል ነው። ከዛፉ ጋር የተያያዘበት ጫፍ አካባቢ ሙጫ ሙጫ የሚል ጣዕም አለው፤ ይህን የሚጠሉት ብዙዎች ሲሆኑ እኔ ግን ከሚወዱት ወገን ነኝ። ጉድለቱ ቃጫው ነው። ከበሉት በኋላ ጥርስ ሲጎረጉሩ መዋል አለና፣ እንግዳ ፊት የሚቀርብ ፍሬ አይደለም። እናቴ ሁሉንም ዝርያ ቀምሳ ስታበቃ፣ «ማንጎ ማለት ይኼ ነው፤ የቀረው ዱባ ነው» አለችን። ፍርዷ የጠነከረ ቢመስለኝም፣ ስለ መዓዛው ከሆነ ግን የምከራከራት አልሆንሁም።

ገበያውን የያዘው ቶሚ ነው። ሙሉ ስሙ ቶሚ አትኪንስ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በአሜሪካ ፍሎሪዳ፣ በአንድ ሰው ግቢ ከተተከለ ዘር የተገኘ ነው። በ1950ዎቹ ይህ ዝርያ ለፍሎሪዳ የማንጎ ባለሙያዎች መድረክ ቀርቦ፣ ቃጫው በዝቷል፣ ጣዕሙም የሚያስመሰግን አይደለም ተብሎ ተቀባይነት አጥቶ ነበር። ይሁን እንጂ ልጣጩ ወፍራም፣ በሽታን የሚቋቋም፣ ረጅም መንገድ ተጭኖ የማይበላሽ፣ ከዚህም ሁሉ በላይ ቀለሙ ዓይን የሚይዝ በመሆኑ፣ አትክልተኞች ተከሉት፣ ነጋዴዎችም ወደዱት፤ ከጊዜ በኋላም ከአሜሪካ አህጉር አገሮች ለውጭ ገበያ ከሚላኩት የማንጎ ዝርያዎች ዋነኛው ሆነ። ቀማሾች የጣሉትን ፍሬ ተመልካቾች አነሡት ማለት ነው። እኛ ቤት ሲቀርብም የሆነው ከዚህ የራቀ አልነበረም። ሳህን ላይ ሲደረደር ከሁሉ የሚያምረው እሱ ነበር፤ ከትከሻው ጀምሮ እስከ ወገቡ ጥቁር ቀይ፣ ከዚያ ወደ ብርቱካናማና ወደ ቢጫ የሚደበዝዝ ቀለም አለው። የወንድሜ ልጆች ሳይቀምሱ እሱን አነሡ። ሥጋው ጠጣርና ቢጫ ነው፤ ይጣፍጣል፣ ነገር ግን ጣፋጭነቱ ብቻውን የቆመና ለዛ ያነሰው ነው፤ አፍ ውስጥ የሚቆይ መዓዛም የለውም። ቃጫውም ከአገሬው ያነሰ ይሁን እንጂ ጨርሶ አልጠፋም። ልጆቹ የመጀመሪያውን ከጨረሱ በኋላ ሁለተኛውን ከሌላ ሳህን መውሰዳቸውን ልብ ብያለሁ።

እሱ ሌላው ሳህን ኬንትና ኪት የነበሩበት ነው። ሁለቱም እንደ ቶሚ የፍሎሪዳ ተወላጆች ናቸው፤ የኬንት የመጀመሪያው ዛፍ ከዘር የተተከለው እ.ኤ.አ. በ1932፣ የኪት ደግሞ በ1939 ነው። ኬንት ትልቅና ክብ አዘል ሆኖ፣ አረንጓዴ ልጣጩ ሲበስል ወደ ቢጫ ያደላል፤ ፀሐይ ባገኘው በኩል ደብዘዝ ያለ ቅላት ያወጣል። ቢላዋ ሲገባበት ግን መልኩን የሚያስረሳ ነገር ይገኛል፤ ሥጋው ጥልቅ ቢጫ፣ ቃጫ የሌለው ያህል ለስላሳ፣ በማንኪያ የሚበላ፣ ጭማቂው እስከ ክርን የሚወርድ ነው። ኪት ደግሞ ከሁሉም ዘግይቶ የሚደርስ፣ ረዘም ያለ፣ ሚዛን የሚደፋ ፍሬ ሲሆን፣ በስሎ ለመብላት ሲደርስም ልጣጩ አረንጓዴ ሆኖ ሊቀር ይችላል። በዚህ ምክንያት ገበያ ላይ እንደ ጮርቃ ይቆጠራል። አንዲት ሻጭ እናት «ልጄ፣ ይኼ ውስጡ ደርሷል፤ ሰው ግን አላምንሽ አለኝ» ብለው ከቶሚው ቀንሰው ሸጡልኝ። ሲቆረጥ ውስጡ የጠገበ ቢጫ ሆኖ ተገኘ፤ ዘሩ ስስ በመሆኑ የሚበላው ክፍል ብዙ ነው፤ ቃጫ ያለውም ዘሩ ዙሪያ ብቻ ነው። ጣፋጭነቱን የሚቆርጥ ትንሽ ኮምጣጣነት ስላለው ደግመው ቢበሉት አይሰለችም። እኔን ከጠየቁኝ የዘንድሮው ምርጫዬ ኪት ነው፤ ከኬንት የማስቀድመውም በዚችው ኮምጣጣነት ነው። ባለቤቴ በዚህ አይስማማም፤ እሱ ማንጎ ሲበላ ከስኳር ሌላ ምንም አይፈልግም።

ክብ ሆኖ ቀይና ቢጫ የሚያብረቀርቀውን፣ በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ የሚታወቀውን አፕል ማንጎ ያገኘሁት ጥቂት ብቻ ስለሆነ ብዙ አልልበትም፤ ያገኘሁት ግን መልኩም ጣዕሙም የተስማማለት መሰለኝ።

ስለ ቅላቱ ላወራ። በማንጎ ልጣጭ ላይ የሚታየው ቀይ ቀለም አንቶሲያኒን ከሚባል ንጥረ ነገር የሚመጣ ሲሆን፣ የሚወጣውም ዝርያው የፈቀደለት ፍሬ ገና ዛፉ ላይ ሳለ ፀሐይ ሲያገኘው ነው። ስለዚህ በአንድ ዛፍ ላይ ከቅጠል ውጭ የተንጠለጠለው ቀልቶ፣ ቅጠል የጋረደው አረንጓዴ ሆኖ፣ ሁለቱም እኩል ሊበስሉ ይችላሉ፤ ቀዩም ጥሬ ሳለ ጀምሮ ቀይ ሊሆን ይችላል። የመብሰል ምልክት የሚሆነው ከቅላቱ ሌላ ያለው የልጣጩ አረንጓዴ ወደ ቢጫ መለወጡ ነው፤ እሱም በኪት ላይ አይሠራም። ከዚህ የሚሻለው ቅርጹን ማየት ነው። ፍሬው ሲደርስ ትከሻው ሞልቶ ከተንጠለጠለበት ዘንግ መነሻ ከፍ ይላል፤ ያልደረሰው ትከሻው ያዘቀዘቀ ነው። ያለጊዜው የተቀጠፈ ማንጎ ጭድ ውስጥ ቢቀበርም ቢለሰልስ እንጂ እንደሚገባው አይጣፍጥም፤ ወደ ስኳር የሚለወጠውን ስታርች ዛፉ ላይ ሳለ በበቂ አላከማቸምና። ነጋዴው ግን ዋጋ ሳይወርድ ለመድረስ ይቸኩላልና ቀይ ሆኖ ያልደረሰ ቶሚ በየሳጥኑ ሞልቷል። በነገራችን ላይ ሁሉም ቀይ ነገር ለፍሬው ጌጥ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 በምሥራቅ ወለጋ ጉቶ ጊዳ ወረዳ መግባቱ የታወቀው ነጩ የማንጎ ተባይ ልጣጩ ላይ ተጣብቆ ሲመጥ ዙሪያውን ሮዝ ነጠብጣብ ያወጣል። ውስጡን ሳይነካ መልኩን ብቻ ስለሚያበላሸው፣ እንዲህ ያለውን ማንጎ ነጋዴ ሲያጣጥለው እኔ በደስታ እገዛዋለሁ።

ከማንጎ ወደ አቮካዶ ሲሻገሩ የቀለሙ ሕግ ይገለበጣል። የቆጋ መስኖ ወደ 7,000 ሄክታር የሚጠጋ መሬት እንዲያለማ የተሠራ ሲሆን፣ መራዊ አጠገብ የሚኖር የአክስቴ ልጅ እዚያ ባለው ማሳው ላይ ሀስ የተባለውን አቮካዶ ተክሏል። የዚህ ዝርያ እናት ዛፍ በካሊፎርኒያ ሩዶልፍ ሀስ የተባለ ፖስታ አመላላሽ ያበቀለው ነበር፤ የባለቤትነት መብት ያገኘበትም እ.ኤ.አ. በ1935 ነው። ልጣጩ ወፍራምና ኮረኮንች ሆኖ ሲበስል ይጠቁራል። ያልለመደው ሰው ሲያየው የበሰበሰ ይመስለዋል፤ አክስቴ ራሷ ልጇ የላከላትን የመጀመሪያ ዘንቢል ስትከፍት ለከብት ልትሰጠው ነበር። ውስጡ ግን ቅባት የሞላው፣ እንጀራ ላይ እንደ ቅቤ የሚለቀለቅ፣ ጨውና ቃሪያ ብቻ የሚበቃው ነው። ከሀሱ መካከል መካከል ኤቲንገር ተተክሏል። ኤቲንገር ልጣጩ ስስና የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ፣ ቅርጹም መልከ መልካም ነው፤ ሲቀመስ ግን ከሀስ ይቀልላል፣ ዘሩም ትልቅ ስለሆነ ሥጋው ያንሳል። እዚያ የቆመበት ምክንያት ሌላ ነው፤ የሁለቱ አበቦች ሴቴና ወንዴ ሆነው የሚከፈቱበት ሰዓት ስለሚለያይ፣ ኤቲንገር ለሀስ የአበባ ዱቄት ይሰጠዋል። ፉዌርቴም እንዲሁ ሲበስል አረንጓዴነቱን አይለቅም፤ ጣዕሙ ግን ከሀስ የሚያንስ አይደለም፤ ለብቻው በማንኪያ ሲበላ ለውዝ ለውዝ የሚል ነገር አለው።

ከዘር የበቀለው የአገር አቮካዶ ከዛፍ ዛፍ ይለያያል፤ አንዱ አንገተ ረጅም፣ ሌላው ድቡልቡል፣ አንዱ ቅባታም፣ ሌላው ውሃ ውሃ የሚል ነው። አቮካዶ ከዘር ሲተከል እናቱን አይመስልምና፣ ጎረቤት ቀምሰው የወደዱትን ፍሬ ዘሩን ወስደው ቢተክሉ የሚያገኙት ሌላ ነው። የተዳቀለ፣ ማለትም ከተመረጠው ዛፍ ቅርንጫፍ ተወስዶ የተቀጠለበት ችግኝ የሚፈለገውም ለዚህ ነው። የባሕር ዳር ጁስ ቤቶች ውሃማውን ትልቁን አቮካዶ አይንቁትም፤ ብርጭቆ ይሞላል፣ ሎሚና ስኳርም ጉድለቱን ይሸፍናሉ። እኔ ጁስ ውስጥ የገባ ሀስ የባከነ ይመስለኛል።

ወደ ደጋው፣ ከ2,500 ሜትር በላይ ወዳለችው እንጅባራ ሲወጣ አፕል ይገኛል። እዚህ አካባቢ የቀመስሁት አናና ዶርሴት ጎልደን የሚባሉትን ነው፤ ሁለቱም የረጅም ክረምት ቅዝቃዜ የማይሹ፣ አና ከእስራኤል፣ ዶርሴት ከባሃማስ የወጡ ዝርያዎች ናቸው፤ አንዱ ለሌላው የአበባ ዱቄት ስለሚሰጥም ጎን ለጎን ይተከላሉ። አና ሞላላ ሆኖ አንድ ጎኑ የቀላ ነው፤ እንደተቀጠፈ ሲገመጥ ይንኮሻኮሻል፣ ኮምጠጥ ብሎ ይጣፍጣል፤ ከሰነበተ ግን ዱቄት ዱቄት ይላል። ዶርሴት ቢጫ ነው፤ ጣፋጭነቱ ይበልጣል፣ ለዛው ያንሳል። ሱቅ ውስጥ በሰም ተወልውሎ ከሚያብረቀርቀው ከውጭ የመጣ አፕል ጋር ሲቀመጡ ሁለቱም ያነሱ ይመስላሉ፤ መጠናቸው ትንሽ፣ ልጣጫቸውም ጠባሳ ያለበት ነው። ነገር ግን ትናንት የተቀጠፈ አናንና ወራት መጋዘን የከረመን አፕል ለውድድር ማቅረብ ለሁለተኛው አይበጅም።

ብርቱካንም ቢሆን ከዚሁ ክርክር አያመልጥም። ልጣጩን ብርቱካናማ የሚያደርገው የሌሊት ቅዝቃዜ ነው፤ ሙቀት በማይለቅበት ቆላ የደረሰ ብርቱካን አረንጓዴ እንደሆነ ይበስላል፣ ይጣፍጣልም። ይህን ያወቀ ሰው ገበያ ላይ በርካሽ ይገዛል።

ይህን ሁሉ ለአጎቴ አጫወትሁት። ከቤቱ በስተጀርባ ባለው መሬት ላይ ለክረምቱ የተዳቀለ የማንጎ ችግኝ ሊያስገባ ጉድጓድ እያስቆፈረ ነበርና፣ ኪትን ትከል፣ አሮጌውን የአገር ማንጎ ደግሞ አትቁረጥ ብዬ መከርሁት። ስለ አሮጌው ዛፍ ተስማማ፤ ጥላው ለከብቶቹ ያስፈልገዋል። ስለ ኪቱ ግን ራሱን ነቀነቀ። «አንቺ የምትነግሪኝ የሚበላውን ነው፤ እኔ የምሸጠው ለሚያየው ሰው ነው» አለኝ። መልስ አጣሁለት፤ ሻጯም እናት አረንጓዴውን ኪት ከቶሚው ቀንሰው የሸጡልኝ በዚሁ ምክንያት ነበር። ብዙ ከተነጋገርን በኋላ፣ ለገበያው ከመንገዱ በኩል ቶሚን፣ ለቤቱ ከጓሮው በኩል ኪትን ሊተክል ተስማምተናል። ኬንትን ማን ይተክላል የሚለውን ባለቤቴ አንሥቶ ነበር፤ እሱ ገና አልተቋጨም።