የመኪና በር መስታወት ማንሻን በግቢ ውስጥ መቀየር፦ የልምድ ማካፈያ

ከዘይት ቅየራና ከፍሬን ሸራ ቀጥሎ እጄን ያፍታታሁበት የመኪና ክፍል በር ነው። የሾፌሩ በር መስታወት በግንቦት መጨረሻ ግማሽ መንገድ ላይ ቆሞ ስለቀረና ክረምቱም ደጃፍ ላይ ስለነበር ለሥራው ቀጠሮ መስጠት አልተቻለም። እንደ እኔ በዕረፍት ቀናቸው መኪናቸውን በግቢያቸው ለሚነካኩ ሰዎች ይጠቅማል በሚል የሠራሁትን በዝርዝር አስቀምጣለሁ። አስቀድሜ የምለው ግን አንድ ነገር አለ፦ የመስታወት ማንሻ በአብዛኛው በራሱ ችግር ብቻ አይበላሽም። መስታወቱ የሚንሸራተትበት የጎማ ቦይ በአቧራ ታፍኖና በፀሐይ ደርቆ ለዓመታት ሲይዘው ኖሮ ነው በመጨረሻ የሚሰበረው። ቦዩን ሳያዩ ማንሻውን ብቻ የሚቀይሩ ሰዎች ውሎ አድሮ ያንኑ በር እንደገና መፍታታቸው አይቀርም።

ብልሽቱን ለመለየት የመጀመሪያው መሣሪያ ጆሮ ነው። ስዊቹ ሲነካ ከበሩ ውስጥ ምንም ድምፅ ካልተሰማ ጥርጣሬው ወደ ኤሌክትሪኩ ያጋድላል፤ ፊውዙ፣ ስዊቹ ራሱ፣ ወይም በሩና የመኪናው አካል በሚገናኙበት የጎማ ቱቦ ውስጥ በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ሲታጠፍ የኖረ ሽቦ ተቆርጦ ሊሆን ይችላል። በሩ በተወሰነ መጠን ሲከፈት ብቻ የሚሠራ መስኮት ካጋጠማችሁ ሌላ ቦታ ሳትደክሙ መጀመሪያ ያንን ቱቦ ገልጣችሁ እዩ። በአንጻሩ ሞተሩ ሲዞር እየተሰማ መስታወቱ የማይንቀሳቀስ ከሆነ፣ ወይም በሩ ውስጥ የሚንቀጫቀጭና የሚንኳኳ ድምፅ ካለ፣ ሽቦ መፈተሽ ጊዜ ማባከን ነው፤ የተበላሸው ማንሻው ነው። በእኔ መኪና የተሰማው ይህ ሁለተኛው ድምፅ ነበር። ድምፅ ሳይኖር ስዊቹ ሲነካ የጣሪያው መብራት በጥቂቱ የሚደበዝዝበት ሦስተኛ ሁኔታም አለ፤ ያ የሚያመለክተው ኤሌክትሪኩ ሞተሩ ዘንድ መድረሱንና ሞተሩ ግን ተይዞ መዞር እንዳቃተው ነው።

ድምፁ ቢነግረኝም ለመማር ስል በቴስተር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) አረጋገጥኩ። በቀላሉ ዓይነት ሞተር ላይ ያሉት ሁለት ሽቦዎች ብቻ ናቸው፤ ሞተሩ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሠራው ስዊቹ ፖዘቲቩንና ኔጋቲቩን ስለሚያቀያይር ነው። ሶኬቱን ነቅላችሁ የቴስተሩን ሁለት ጫፎች ብታስገቡና ስዊቹን ወደ አንድ በኩል ብትጫኑ ወደ 12 ቮልት ገደማ ይነበባል፣ ወደ ሌላው ሲጫን ያው ቁጥር በመቀነስ ምልክት ይመጣል። ሁለቱም ንባብ ከመጣ ስዊቹና ሽቦው ጤነኛ ናቸው ማለት ነው። አንድ ጊዜ ተነክተው እስከ መጨረሻ በራሳቸው የሚዘጉ መስኮቶች ግን ሞተሩ ላይ የራሳቸው መቆጣጠሪያ ስላላቸው ሽቦዎቻቸው ይበዛሉ፤ ይህ ፍተሻ በእነርሱ ላይ አይሠራም።

ማንሻዎቹ በሥሪታቸው ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው እንደ መቀስ የተሰካኩ ሁለት የብረት ክንዶች ያሉት ሲሆን፣ ሞተሩ በጥርስ አንዱን ክንድ እያዞረ መስታወቱን ይገፋል። ሁለተኛው በገመድ የሚሠራው ነው፤ ሞተሩ አንድ የፕላስቲክ ከበሮ ያዞራል፣ በከበሮው ላይ የተጠመጠመው ቀጭን የብረት ገመድ ከሐዲዱ ላይና ታች ባሉ ትናንሽ መንኮራኩሮች ዞሮ መስታወቱን የያዘውንና በዚያው ሐዲድ ላይ የሚሄደውን ተንሸራታች ይጎትታል። በሁለቱም ዓይነት ከሞተሩ ጋር ያለው ጠመዝማዛ ጥርስ መስታወቱ በክብደቱ ወይም በሰው እጅ ተገፍቶ እንዳይወርድ ይይዘዋል፤ ማንሻው ጤነኛ ሳለ መስታወቱን በእጅ ገፍቶ ማውረድ የማይቻለው ለዚህ ነው። የመቀስ ዓይነቱን ለምትሠሩ አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በብዙዎቹ ላይ የመስታወቱን ክብደት የሚያግዝ የተጠመጠመ ሞላ አለ፤ ክንዶቹን በብሎን ወይም በመያዣ ሳያስሩ ሞተሩን የሚፈታ ሰው ሞላው ክንዱን በድንገት ሲያስፈነጥረው ጣቱን ሊያጣ ይችላል። የእኔ መኪና ባለ ገመዱ ስለሆነ ከዚህ በታች የምተርከው ስለ እርሱ ነው።

ወደ መፍታቱ ስንሄድ ከሁሉ በፊት የባትሪው ኔጋቲቭ በ10 ቁጥር ቁልፍ ይነቀል። የበሩ የውስጥ ሽፋን የሚያዘው በጥቂት ብሎኖችና በዙሪያው በተደረደሩ የፕላስቲክ ክሊፖች ነው። ብሎኖቹ አይታዩም፤ አንዱ ከበሩ መክፈቻ ጀርባ በትንሽ ክዳን ተሸፍኖ ይገኛል፣ ሌላው ወይም ሌሎቹ በሩን ስንዘጋ በምንስብበት መያዣ ጎድጓዳ ውስጥ ናቸው። የስዊቹን ሰሌዳና ከስፖኪዮው ጀርባ ያለችውን ባለ ሦስት ማዕዘን ፕላስቲክ በተጠቀለለ ጨርቅ ወይም በፕላስቲክ ሹል ማንሳት ይሻላል፤ ካቻቪቴ በቀጥታ ሲገባ ለዘላለም የሚታይ ጭረት ይተዋል። ከዚያ ሽፋኑን ከታች ጀምሮ ወደ ራስ መሳብ፣ ክሊፖቹ ሲለቁ ወደ ላይ አንስቶ ከመስታወቱ ጠርዝ ማላቀቅ፣ ሙሉ በሙሉ ከመለየቱ በፊትም የመክፈቻውን ገመድና የስዊቹን ሶኬቶች መንቀል ነው። ክሊፖቹ ዕድሜ ሲጠግቡ ይሰባበራሉ፤ መለዋወጫ ሲገዛ ጥቂት ጨምሮ መያዝ ደግሞ ዋጋው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ከሽፋኑ ጀርባ በጥቁር የሚለጠጥ ማጣበቂያ የተለጠፈ ፕላስቲክ ይገኛል። ስለዚህ ፕላስቲክ ረዘም አድርጌ መጻፍ እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ጋራዦች ቀደው ይጥሉታል። ዝናብ ሲዘንብ በመስታወቱ ላይ የሚወርደው ውኃ ከፊሉ በውጭው ጎማ በኩል አልፎ በሩ ውስጥ ይገባል፤ ይህ ብልሽት አይደለም፣ በሩ የተሠራው እንዲህ ታስቦ ነው። ውኃው በብረቱ ውስጥ ወርዶ ከበሩ ግርጌ ባሉ ትናንሽ ቀዳዳዎች ይወጣል። ፕላስቲኩ ያ ውኃ ወደ መኪናው ሆድ እንዳይዞር የሚከላከል ግድግዳ ነው። እርሱ ከሌለ ውኃው በሽፋኑ ሥር ወደ ምንጣፉ ይሄዳል፣ ባለቤቱም በክረምት መኪናው ለምን እንደሚሸት ግራ ይገባዋል። ስለዚህ ማጣበቂያውን በምላጭ ቀስ ብሎ ከብረቱ መለየት፣ ፕላስቲኩን ገልብጦ ንጹሕ ቦታ ላይ ማንጠልጠልና አቧራ እንዳይነካው መጠበቅ ተገቢ ነው። ቀደም ብሎ የተቀደደ ከሆነ ወፍራም ፕላስቲክ በልኩ ቆርጦ መተካት ይቻላል።

በበሩ ብረት ላይ ባሉት ክፍተቶች ወደ ውስጥ በእጅ ባትሪ ሳበራ ያየሁት ነገር ድምፁን ሙሉ በሙሉ አስረዳኝ። የላይኛው መንኮራኩር ለሁለት ተሰንጥቆ ግማሹ በሩ ግርጌ ወድቋል። ገመዱ ከመንኮራኩሩ ወጥቶ በሐዲዱ የብረት ጠርዝ ላይ ሲፋተግ ስለቆየ ክሮቹ እንደ ተፈታ ሹሩባ ተበትነዋል፣ ጥቂቶቹም ከበሮው ውስጥ ገብተው ተጠላልፈዋል። ሞተሩ ይዞራል፣ ከበሮው የተበጣጠሰውን ገመድ ይፈጫል፣ መስታወቱ ግን ከቦታው አይነቃነቅም። እዚህ ላይ እጃችሁን ባዶውን አታስገቡ፤ የተበጠሰው ገመድ ጫፍም ሆነ የበሩ ብረት የተቆረጠ ጠርዝ እንደ ምላጭ ይቆርጣል፣ ወፍራም ጓንት ያስፈልጋል።

መስታወቱን ከተንሸራታቹ የሚያስሩት ሁለቱ ብሎኖች በበሩ ክፍተት በኩል የሚታዩት መስታወቱ በተወሰነ ከፍታ ላይ ሲሆን ብቻ ነው። ታናሽ ወንድሜ መስታወቱን ከውጭ በሁለት መዳፉ ደግፎ ቀስ እያለ ሲያወርድ እኔ በክፍተቱ እየተመለከትኩ ብሎኖቹን አገኘሁና በ10 ቁጥር ቡሶላ ፈታኋቸው። ከዚያ መስታወቱን እስከ ላይ ገፍተን በሰፊ ፕላስተር ከውጭም ከውስጥም ከበሩ ክፈፍ ጋር አሰርነው። የጎን መስታወት በሙቀት የጠነከረ ስለሆነ ፊቱን ብዙ ኃይል ይችላል፤ ጠርዙ ላይ ግን በብረት ከተነካ በአንዴ ወደ ጥቃቅን ፍርፋሪ ይለወጣል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። ማንሻው ተፈትቶ ከወጣ በኋላ፣ አዲሱ ከመግባቱ በፊት፣ ፕላስተሩን ላጥ አድርጉና መስታወቱን በእጃችሁ ወደ ላይና ወደ ታች አንሸራትቱት። ሞተር የለም፣ ገመድ የለም፣ የቀረው መስታወቱና የጎማው ቦይ ብቻ ነው። ለእጅ የከበደ ለሞተሩም ይከብዳል። የእኔው ከላይ አንድ ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ተይዞ ወደ አንድ ጎን ያዘነብል ነበር፤ ሁለት እጅ ካልገፋው አያልፍም። ያ ቦታ መንኮራኩሩ ከፍተኛውን ጫና የሚሸከምበት ቦታ መሆኑን ስታስቡ የላይኛው መንኮራኩር ለምን እንደተሰነጠቀ ይገባችኋል። በበጋ የከተማችን አቧራ ቦዩ ውስጥ ይገባል፣ የመጀመሪያው ዝናብ ጭቃ ያደርገዋል፣ ቀጣዩ ፀሐይ ያደርቀዋል።

ቦዩን ያጸዳሁት በጠፍጣፋ ፕላስቲክ ላይ ርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ሙሉ ርዝመቱን ደጋግሜ በመሳብ ነው፤ የወጣው ቀይ ጭቃ አስገራሚ ነበር። ከደረቀ በኋላ የሲሊኮን ስፕሬይ በውስጡ ነፋሁበት። ናፍታ ወይም የሞተር ዘይት መቀባት የለመድን ብዙዎች አለን፤ ለጎማ ግን እነዚህ ጠላት ናቸው፣ ጎማውን ያሳብጡታል፣ አቧራውንም አጣብቀው ያስቀሩታል። ከጽዳቱ በኋላ መስታወቱ በአንድ እጅ ከታች እስከ ላይ ሳይዘም ሄደ። ይህንን ለውጥ በእጃችሁ ስትዳስሱት ምንም ሌላ ማስረጃ አያስፈልጋችሁም።

መለዋወጫውን የገዛሁት መርካቶ ሱማሌ ተራ ነው። የተበላሸውን ይዞ መሄድ ከብዙ ንግግር ያድናል። ሻጩ «ወንድሜ፣ ግራ ነው ቀኝ?» ብሎ ሲጠይቅ ግራና ቀኝ የሚቆጠረው ሾፌር ወንበር ላይ ተቀምጦ ወደ ፊት ከሚያይ ሰው አንጻር እንጂ ከመኪናው ፊት ቆሞ ከሚያይ ሰው እንዳልሆነ አስታውሱ። ያገለገለ ኦሪጅናልና አዲስ ቅጂ ሁለቱም ይገኛሉ። በእኔ አመለካከት በባለ ገመዱ ዓይነት ያገለገለውን መግዛት አያዋጣም፤ ፕላስቲኩ በሌላ መኪና ላይ ተመሳሳይ ዕድሜ ቆጥሯል። ሞተሬ ጤነኛ ስለነበር ያለ ሞተር የሚሸጠውን አዲስ ወሰድኩ። እንዲህ ዓይነቱ ማንሻ ከበሮውን ከቦታው እንዳይወጣ የሚይዝ ትንሽ የፕላስቲክ መቆለፊያ ይዞ ይመጣል፤ ያ መቆለፊያ ሞተሩ በቦታው እስኪገባ ድረስ መውጣት የለበትም። ቀድሞ ከወጣ ገመዱ ከከበሮው ተፈትቶ ይበተናል፣ መልሶ መጠምጠሙም ከባድ ጣጣ ነው።

ሞተሩን በሦስት ብሎኖቹ ካሰርኩ በኋላ ሐዲዱ ላይ ነጭ የሊቲየም ግሪስ በስሱ ቀብቼ ማንሻውን በክፍተቱ አስገባሁት። በዚህ ደረጃ የሐዲዱን ብሎኖች ማስገባት እንጂ ማጥበቅ አይገባም። መስታወቱ ከተንሸራታቹ ጋር ከታሰረ በኋላ ባትሪውን ለጊዜው መልሶ መስታወቱን እስከ ላይ ማስኬድ፣ በቦዩ ውስጥ ራሱን ሲያስተካክል የሐዲዱን ብሎኖች እዚያው ማጥበቅ ነው፤ እንዲህ ሲሆን ሐዲዱ መስታወቱን ተከትሎ ይቆማል። መስታወቱን የሚያስሩት ብሎኖች በልክ ይጥበቁ፤ ከመጠን ያለፈ ጉልበት መስታወቱን ይሰብራል።

ሽፋኑ ከመመለሱ በፊት መስኮቱን ደጋግሞ ማስኬድና ማዳመጥ ይገባል። በራሱ የሚዘጋ መስኮት ያላችሁ ደግሞ ባትሪ ከተነቀለ ወይም ሞተር ከተቀየረ በኋላ መጨረሻውን፣ ማለትም መስታወቱ የሚቆምበትን ቦታ፣ እንደገና ልታስተምሩት ያስፈልጋል፤ በብዙ መኪኖች እስከ ታች አውርዶ ከዚያም እስከ ላይ አድርሶ ስዊቹን ለጥቂት ሰከንዶች ሳይለቁ መያዝ ይበቃል፣ ትክክለኛው ቅደም ተከተል ግን በየመኪናው መመሪያ ላይ ነው። ይህ ለምቾት ብቻ አይደለም። እንዲህ ያለ መስኮት እጅ ወይም የልጅ ጭንቅላት ሲያገኝ ግፊቱ 100 ኒውተን ሳያልፍ እንዲመለስ የአሜሪካም የአውሮፓም የደኅንነት ደንቦች ያዛሉ፤ መጨረሻውን የማያውቅ መስኮት ይህን ጥበቃ በትክክል ላይሰጥ ይችላል።

በመጨረሻ የበሩን ግርጌ ቀዳዳዎች በቀጭን ሽቦ ጠረግሁ፣ ፕላስቲኩን በዚያው ጥቁር ማጣበቂያ ዙሪያውን በጣት እየጫንኩ ለጠፍኩ፣ ከሽፋኑ በፊትም በመስታወቱ ላይ አንድ ጆግ ውኃ አፍስሼ በውስጥ በኩል የሚያፈስ አለመኖሩን አየሁ። ውኃው በሙሉ ከበሩ ሥር ወጣ።

አሁን የቀሩት ሦስቱ በሮች ላይ ነኝ። ማንሻዎቻቸው ገና ስለሚሠሩ አልፈታኋቸውም፤ ቦዮቻቸውን ብቻ እያጸዳሁ ሲሊኮን እየነፋሁ ነው። ከኋላ በቀኝ ያለው ግን የመኪናው ሞተር ጠፍቶ በባትሪ ብቻ ሲሠራ ከሌሎቹ በግልጽ ይዘገያል፣ ጽዳቱም ብዙ አልቀየረውም፤ ጎማው ራሱ ተሰነጣጥቋል። ለዚህ በር የቦይ ጎማ ብቻውን መግዛት አስቤአለሁ። በሜትር የሚሸጠውን ጎማ ቆርጦ በኦሪጅናሉ ቦታ የገጠመ ሰው ካለ፣ በተለይ ማዕዘኑ ላይ እንዴት እንዳጠፈውና መስታወቱን እንደማይዝ በምን እንዳረጋገጠ ቢያካፍለኝ ደስ ይለኛል።