መንገዴ በሣር ተውጣ

ዛሬ ጠዋት ከሦስት ወር በኋላ ወደ እንጦጦ ጫካ ወጣሁ። ክረምቱን ሙሉ ጉልበቴ እምቢ ብሎኝ ቤት ነው የከረምኩት። ከሽሮ ሜዳ በላይ ያለችው የድሮ የእግር መንገዴ ጠፍታለች። ሣሩ እስከ ወገቤ ይደርሳል። የቀጋ እሾህ ጋቢዬን ይዞኝ ቆሜ አንድ በአንድ አላቀቅኩት።

የጥቅምትን ብርድ ታውቁታላችሁ፣ አጥንት ድረስ ይገባል። ፀሐይ ሲያርፍበት ግን የባሕር ዛፉ ሽታ ደስ ሲል! አንድ ቅጠል በጣቴ አሸት አድርጌ አሸተትኩ። ጉንፋን ሲይዘን እናቴ በዚህ ነበር የምታጥነን።

ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን የገባ፣ ዘሩ የአውስትራሊያ ነው። ከሥሩ ሌላ ነገር እንደልቡ አያበቅልም። ዛሬ ግን ከአንድ የተቆረጠ ጉቶ አጠገብ ስንዝር የማትሞላ የሐበሻ ጽድ አየሁ! ጎንበስ ብዬ ጫፏን ነካኋት። ጤዛዋ ጣቴን አራሰው። ዙሪያዋን ያነቃትን ሣር ነቀልኩላት።

ስወርድ እንጨት የተሸከሙ ሴቶች አገኘሁ። ሸክሙ ከቁመታቸው ይረዝማል። «አባባ፣ ቀስ ይበሉ፣ ያዳልጣል» አሉኝ። ያን ሁሉ ተሸክመው ለእኔ ያስባሉ። ሆዴ ተላወሰ።

ነገም እግዜር ካለ ጽዷን ላያት እወጣለሁ።