የልብ ምት አቆጣጠር፦ ጣት የት ይረፍ፣ ስንት ሰከንድ ይቆጠር

ለዚህ ሥራ ሰከንድ የሚያሳይ ሰዓትና ሁለት ጣት ይበቃል። ሆኖም ብዙ ሰው ገና ሲጀምር ይሳሳታል፤ በአውራ ጣቱ ይዳስሳል። አውራ ጣት የራሱ ጎላ ያለ ትርታ ስላለው፣ የታማሚውን እጅ ይዘው የራስዎን ምት ሊቆጥሩ ይችላሉ። ጠቋሚውንና የመሃሉን ጣት ይጠቀሙ።

መዳፍዎን ወደ ላይ አድርገው ክንድዎን ጠረጴዛ ላይ ያሳርፉ። ከአውራ ጣትዎ ሥር ወደ አንጓዎ ሲወርዱ፣ በአጥንቱና ገመድ በሚመስለው ጅማት መካከል ጎድጎድ ያለች ቦታ አለች። ጣቶችዎን እዚያ ላይ በስሱ ያሳርፉ። ትርታው አልሰማ ሲል አጥብቆ መጫን ያሰኛል፤ ግን ደም ሥሩን ይደፍነውና ጭራሽ ያጠፋዋል። ይልቅ ላላ አድርገው ጣትዎን ትንሽ ወዲያ ወዲህ ይበሉ። እጅ በብርድ ከደነዘዘም አሸት አሸት አድርጎ ማሞቅ ይረዳል።

አንጓ ላይ እምቢ ካለ አንገት አለ፤ ከማንቁርት ጎን፣ በአንድ በኩል ብቻ። ሁለቱንም ጎን ባንዴ መጫን ወደ አንጎል የሚሄደውን ደም ይቀንሳል። በአንዱ በኩል ቢሆንም ማሸት አይገባም፤ በተለይ አረጋውያን ልባቸው በድንገት ዘግይቶ ራሳቸውን ሊስቱ ይችላሉ።

ቆጠራው ላይ አንዲት የተደበቀች ስሕተት አለች። ሰዓቱን ምት ሲሰማዎት ካስጀመሩ ያንን ምት «ዜሮ» ይበሉት፤ «አንድ» የሚባለው ቀጣዩ ነው። አለዚያ በ15 ሰከንድ 18 የነበረው 19 ይሆንና፣ በ4 ሲባዛ 72 ሳይሆን 76 ይወጣል። 30 ሰከንድ ቆጥሮ በ2 ማባዛት ይሻላል። ትርታው ወጣ ገባ ካለ ግን ማባዛት የለም፤ ሙሉ 60 ሰከንድ ይቆጠራል።

ከመቁጠርዎ በፊት 5 ደቂቃ ተቀምጠው ይረፉ። ቡና ላይ ከነበሩ ከበረካው በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይቆዩ። ጫት ምትን ለሰዓታት ከፍ ስለሚያደርግ፣ በምርቃና የተቆጠረ ምት የዕረፍት ምት አይባልም።

አዋቂ ሰው በዕረፍት ላይ ሳለ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ይመታል። አራስ ልጅ 140 ቢመታ አያስደነግጥም። ልምድ ያላቸው ሯጮች 40ዎቹ ውስጥ ሊገኙ ይችላሉ፤ ልባቸው በአንድ ምት ብዙ ደም ስለሚረጭ። እንደ አቴኖሎል ያሉ የደም ግፊትና የልብ መድኃኒቶች ምቱን ዝቅ ያደርጋሉ፤ የደም ማነስ፣ የፈሳሽ እጥረትና እርግዝና ከፍ ያደርጋሉ። ከጅዳ ወይም ከዱባይ ከ2,300 ሜትር በላይ ወደምትገኘው አዲስ አበባ የመጣ ሰውም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ምቱ ቢጨምር አይገርምም። ትኩሳት በየ1 ዲግሪው ወደ 10 ምት ይጨምራል፤ ታይፎይድ ግን አንዳንዴ ከዚህ ያፈነግጣል፣ ትኩሳቱ 39 ደርሶም ምቱ ረጋ እንዳለ ሊቆይ ይችላል።

በበኩሌ ከቁጥሩ ይበልጥ የማየው የምቱን አካሄድ ነው። አየር ሲስቡ ፈጠን፣ ሲያስወጡ ዘግየት ማለት በወጣቶች ዘንድ ጤናማ ነው። አልፎ አልፎ አንድ ምት ቀድሞ መጥቶ ፋታ መከተሉም ብዙውን ጊዜ ጉዳት የለውም። ምንም ቅጥ የሌለው፣ አንዱ ጠንካራ ሌላው ደካማ የሆነ ትርታ ግን ኤትሪያል ፊብሪሌሽን (የልብ የላይኛው ክፍሎች በወጉ ከመምታት ይልቅ የሚርገበገቡበት ሕመም) ሊሆን ይችላል። ይህ ሕመም ልብ ውስጥ ደም እንዲረጋ እያደረገ ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል፤ በእኛ አገር በሩማቲክ የልብ ሕመም (ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም በኋላ በሚመጣ) ቫልቫቸው፣ ማለትም ደም የሚያሳልፈው የልብ በር፣ የጠበበ ወጣቶች ላይም ይታያል። እንዲህ ባለ ታማሚ ላይ ሐኪሙ ደረት አዳምጦ 110 ሲቆጥር ነርሷ በእጅ 90 ልታገኝ ትችላለች። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ደካሞቹ ምቶች አንጓ ድረስ አይደርሱም። ማረጋገጫው ኢሲጂ (የልብን ኤሌክትሪክ የሚመዘግብ ምርመራ) ነው።

ጣት ላይ የሚሰካው ኦክሲሜትር (የደም ኦክስጅንንና ምትን የሚለካ መሣሪያ) የጥፍር ቀለም፣ ሂና ወይም የቀዘቀዘ ጣት ሲያጋጥመው ሊዘባርቅ ይችላል። የሚያሳየውን ቁጥር ከማመንዎ በፊት በእጅ ይቁጠሩ።

ተቀምጠው ሳለ ምቱ ከ120 አልወርድ ካለ፣ ከ40 በታች ሆኖ ካዞረዎት፣ ወይም የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም ራስን መሳት ከታከለበት ቆጠራውን ትተው ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ወድቆ የማይነቃና በወጉ የማይተነፍስ ሰው ፊት ደግሞ ትርታ ፍለጋ ጊዜ አያባክኑ፤ እርዳታ አስጠርተው የደረቱን መሃል ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር እስኪወርድ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ይጫኑ።