ከጥንቸሏ አፍ የነጠቅሁት ቸኮሌት

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ደብረ ማርቆስ፣ እህቴ ቤት ቡና እየጠጣን ሳለን የ6 ዓመቷ ልጇ እንግዳ ከሰጣት ጥቁር ቸኮሌት ገምሳ ለጥንቸሏ ስታቀርብ ደረስሁባት። ጥንቸሏ አፍንጫዋን እያርገበገበች ጫፉን ማሽተት ጀምራ ነበር። ስነጥቃት «ጋሼ፣ እኔ የምወደውን እኮ ነው የሰጠኋት!» ብላ አለቀሰች፤ አንጀቴን በላችው።

ቸኮሌት የሚሠራበት ካካዎ ውስጥ ቲዮብሮሚንና ካፌይን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ። የሰው አካል ቲዮብሮሚንን ፈጥኖ ሲያስወግድ፣ በውሻ ደም ውስጥ የገባው ግን ግማሹ ብቻ እስኪወጣ 17 ሰዓት ያህል ስለሚፈጅ፣ እንስሳው ይቅበጠበጣል፣ ያስቀምጠዋል፣ ልቡ ያለልክ ይመታል፣ ሲከፋም ተንቀጥቅጦ ይሞታል። ካካዎው የበዛበት ጥቁር ቸኮሌት ከወተት ቸኮሌቱ ይልቅ አደገኛ ነው። የጥንቸል ነገር ደግሞ የባሰ ያሳዝነኛል፤ ሰውነቷ ትንሽ በመሆኑ ጥቂቱ ይጎዳታል፣ በተፈጥሮዋም ማስመለስ ስለማትችል የዋጠችውን መልሳ ልትተፋው አትችልም። ሣር ለመፍጨት የተሠራው አንጀቷም ስኳርና ስብ ሲገባበት በውስጡ ያሉት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይታወካሉ፤ እንቅስቃሴውም ሊቆም ይችላል።

እኛ ዘንድ መርዝ ለቀመሰ ሁሉ ወተት ማጠጣት የተለመደ ቢሆንም፣ ወተት ቲዮብሮሚንን አያረክስም። እንስሳው ቸኮሌት ከበላ ምልክት እስኪታይ ሳይጠብቁ፣ የበላውን መጠንና ዓይነት ይዞ ወደ እንስሳት ሐኪም መሮጥ ያስፈልጋል።

ልጅቷ አሁን ከአጥሩ ሥር ሰርዶ እየነጨች ታበላታለች።