ፍቅሪ ሃገር የነበረ፣ አንድነት ያልነበረ ሰው

የአረጋውያንን ትውስታ በድምፅ ቀድቶ በጽሑፍ በሚያኖር አንድ ተቋም ውስጥ በአርታኢነት ስሠራ፣ በእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ዘመን ኤርትራ ውስጥ አድገው ኋላ አዲስ አበባ የኖሩ ሰዎች ቃል ለአርትዖት ደረሰን። አብዛኞቹ አማርኛና ትግርኛ እየቀላቀሉ ይናገራሉ፤ የፖለቲካ ማኅበራቱን ስም ግን በልጅነታቸው በሰሙት አጠራር ነው የሚያነሡት። አንዱ ራቢጣ ይላል፣ ሌላው ሊበራል፣ ሌላው ፍቅሪ ሃገር (የሀገር ፍቅር ማለት ነው)። ድምፁን ወደ ጽሑፍ የሚገለብጠው ወጣት ባልደረባችን ይህ አንባቢን ያደናግራል ብሎ ስላሰበ፣ ራቢጣን «የሙስሊም ሊግ»፣ ፍቅሪ ሃገርን «የአንድነት ፓርቲ» እያደረገ ሁሉንም በአንድ ወጥ ዝርዝር ተካቸው። የተቋሙ መመሪያም ወጥነትን ያዝዝ ስለነበር፣ በዚህ ሊወቀስ የሚገባው አይመስለኝም።

እንከኑ የታየው ከአካለ ጉዛይ የመጡ አንድ አዛውንት ስለ አባታቸው የተናገሩት ላይ ስንደርስ ነው። ጽሑፉ «አባቴ የአንድነት ፓርቲ ሰው ነበር፤ አንድነት ግን አልነበረም» ይላል። ገልባጩ የኋለኛውን ሐረግ የንግግር መደነቃቀፍ አድርጎ ቈጥሮ እንዲሰረዝ ምልክት አድርጎበታል። ቅጂውን መልሰን ስንሰማው አዛውንቱ ያሉት «አባቴ የፍቅሪ ሃገር ሰው ነበር፤ አንድነት ግን አልነበረም» ነው።

በዚያ ዘመን ከኢትዮጵያ ጋር መዋሐድን የሚደግፈው ትልቁ ፓርቲ በትግርኛ «ሕብረት» ሲባል፣ «አንድነት» ደግሞ የወጣቶቹ ክንፍ መጠሪያ ነበር። የእንግሊዝ አስተዳደር በነጻነት ደጋፊዎች ላይ ለሚፈጸሙ ጥቃቶች ይከስስ የነበረው በተለይ ይህን የወጣቶች ማኅበር ነው። በአማርኛ ግን እናት ፓርቲውንም አንድነት ማለት የተለመደ ስለሆነ፣ ሁለቱ በእኛ ጽሑፍ ላይ አንድ ሆነው ቀሩ። የአስመራው የራቢጣ መሪ አብዱልቃድር ከቢሬ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1949 በጥይት ተመትተው የሞቱበትን ጊዜ በልጅነቱ ላየ ሰው፣ አባቱ አንድነት እንዳልነበረ መናገር ስለ ቤተሰቡ ክብር የሚሰጠው ዋና ምስክርነት ነው። እኛ ልንሰርዘው የነበረው ይህንኑ ነው።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ማኅበር ፍቅሪ ሃገር እ.ኤ.አ. በ1941 ሲመሠረት፣ ኋላ በውሕደት ወገን የቆሙትን ፊታውራሪ ገብረመስቀል ወልዱን ብቻ ሳይሆን ኋላ በነጻነት ወገን የታወቁትን ወልደአብ ወልደማርያምንና ኢብራሂም ሱልጣንንም ያቀፈ ነበር። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1946 በቤት ጊዮርጊስ ጉባኤ በውሕደትና በነጻነት ደጋፊዎች መካከል የተሞከረው እርቅ ሲፈርስ መንገዳቸው ተለያየ፤ በወሩ ኢብራሂም ሱልጣን በዋና ጸሐፊነት የመሩት ራቢጣ በከረን ተቋቋመ፤ በየካቲት 1947 ደግሞ «ኤርትራ ንኤርትራውያን» የሚለው ወገን በራስ ተሰማ አስበሮም መሪነት ሊበራል ፕሮግሬሲቭ ፓርቲ ሆኖ ወጣ። እንግዲህ አንድ ሰው «የፍቅሪ ሃገር ነበር» ሲባል፣ የትኛው ዓመት እንደሆነ ሳይጠየቅ በየትኛው ወገን እንደቆመ ማወቅ አይቻልም።

አዛውንቱን እንደገና ስናነጋግራቸው ገልባጩ፣ «አባባ፣ አባትዎ ማኅበሩ ውስጥ እስከ መቼ ቆዩ?» ሲል ጠየቃቸው። «እስከ ሠላሳ ዘጠኝ ነው፣ ልጄ፤ ከዚያ በኋላ ቤቱ ተቀመጠ» አሉት። ይህ ቍጥር በአውሮፓ አቈጣጠር ሊሆን አይችልም፤ በዚያ 1939 ጣሊያን ገና አገሩን ይገዛ ነበርና ፓርቲ የሚባል ነገር አልነበረም። በእኛ አቈጣጠር ግን 1939 ዓ.ም. የቤት ጊዮርጊሱን ጉባኤና የራቢጣን ምሥረታ በአንድነት የያዘ ዓመት ነው። አባትየው ማኅበሩ ለሁለት በተሰነጠቀበት ዓመት ወደ የትኛውም ወገን ሳይሄዱ የቀሩ ሰው ነበሩ ማለት ነው፤ የእኛ ረቂቅ ግን የሕብረት ፓርቲ አባል አድርጓቸው ነበር።

ራቢጣም ቢሆን «የሙስሊም ሊግ» በሚለው ብቻ የሚያልቅ አልነበረም። በምዕራብ ቆላ የማኅበሩ ታሪክ የትግረ ጭሰኞች ከሹማግሌ ጌቶቻቸው ለመላቀቅ ካደረጉት ትግል ጋር የተሳሰረ በመሆኑ፣ ከዚያ አካባቢ የመጣ ተናጋሪ ስሙን ሲያነሣ ስለ ግብርና ስለ ነጻ መውጣት ያወራል፤ የከበሳው፣ ማለትም የደጋው፣ ተናጋሪ ግን በዚያው ስም ስለ ሃይማኖት ያወራል። ወጥ ዝርዝሩ ሁለቱንም በአንድ መስመር ጨፍልቋቸዋል። «ሽፍታ» የሚለውንማ የእንግሊዝ ሹማምንት ራሳቸው በሪፖርታቸው ወስደው፣ ከብት ለሚነዳውም ለፖለቲካ ብሎ ለሚተኵሰውም እኩል ይጠቀሙበት ነበር፤ ስለዚህ ይህን ቃል በየገጹ ማን ስለ ማን እንደተናገረው ሳናጣራ ላለማለፍ ተስማማን።

ከዚያ ወዲህ ተናጋሪው የጠራበት ስም በዋናው ጽሑፍ እንዳለ ይቀመጣል፤ መደበኛ ስሙ፣ ዓመቱና የተናጋሪው አውራጃ በግርጌ ይገባሉ። ገልባጩ የሠራውን ዝርዝርም አልጣልነውም፤ ለእያንዳንዱ ስም በየወገኑ የነበረውን አጠራር ራሱ ጨምሮበት በመጽሐፉ መጨረሻ አባሪ ሆኗል።