የሦስት ወር ውዝፍ

ትናንት ማታ ግቢው ላይ ውሃ ረጭቼ ወንበር አወጣሁ። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር፣ ሲመሽም ሙቀቱ ከግድግዳው አይወጣም። ተከራዮቼን ጠርቻቸው ነበር።

ሦስት ወር አልከፈሉም። በወር 4,500፣ በድምሩ 13,500 ብር። ባልየው ባጃጅ ይሠራ ነበር፤ ሞተሩ ነክሶ ቆሞበታል። ሚስትየው ማታ ማታ ሳምቡሳ ትጠብሳለች። ሁለት ልጆች አሏቸው።

ጠዋት ደላላው ደውሎ «6,000 የሚከፍል አለኝ፣ አስለቅቂያቸው» ብሎኛል። የቤት ኪራይ አዋጁ፣ 1320/2016፣ ውል ከሁለት ዓመት አይነስ ይላል። ኪራይ ያልከፈለን ማስወጣት ግን ይፈቅዳል። እናቴ የስኳር ሕመምተኛ ናት፤ መድኃኒቷን የምገዛው በዚሁ ኪራይ ነው። ቀኑን ሙሉ «ይውጡልኝ» እያልኩ ነው የዋልኩት።

ባልየው ገና ሳይቀመጥ «እትዬ፣ ከኪራዩ ላይ በየወሩ 4,500 እየጨመርኩ በሦስት ወር እጨርሳለሁ» አለኝ። ከየት አምጥቶ? ሰው ሲጨንቀው አከራዩን ደስ የሚያሰኝ ቁጥር ይጠራል። አውቀዋለሁ። እዚሁ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር አንዲት ሰርቪስ ቤት ተከራይቼ ስኖር፣ «ሰኞ እሰጣለሁ» እያልኩ ስንት ሰኞ አለፈ። አከራዬን ላለማግኘት ሰው እስኪተኛ ውጭ የማመሽበት ጊዜ ነበር። ይህን ቁጥር ብቀበል፣ ከወር በኋላ እዚሁ ወንበር ላይ እነሱን ለማስወጣት እንቀመጣለን።

«ተወው ወንድሜ» አልኩት። ወደ ሚስቱ ዞርኩ። «አንቺ ንገሪኝ፣ ከሳምቡሳው ስንት ይተርፍሻል?»

ዝም አለች። ከዚያ በጣቷ መቁጠር ጀመረች። ዘይቱ፣ ዱቄቱ፣ ምስሩ፣ ከሰሉ።

«እቁቤ ተራው ኅዳር መጨረሻ ነው፣ ሞተሩን እናሠራበታለን። እስከዚያ በወር ከ3,000 በላይ አልችልም።» ባልየው አንገቱን ደፋ። እኔ ግን የዚያን ምሽት ያመንኩት ቁጥር ያ ብቻ ነው።

ተስማማን። ጥቅምትና ኅዳር 3,000። ከታኅሣሥ ጀምሮ ሙሉው ኪራይ፣ ለውዝፉ ደግሞ በየወሩ 1,000። የሁለቱ ወር ጉድለት ሲጨመርበት ውዝፉ 16,500 ይደርሳል፤ እስኪያልቅ ከአንድ ዓመት በላይ ነው። ያስፈራኛል። በሁለት ወረቀት ጻፍነው፤ ጎረቤታችን ምስክር ሆነው ፈረሙ።

ዛሬ ጠዋት ለእህቴ ደወልኩ። የእናታችንን መድኃኒት ሁለቱን ወር እሷ እንድትገዛ ለመንኳት። እስከዛሬ ጠይቄያት አላውቅም።