የደሴ አየርና የ5ኬ ሞተር

ለውድድር መኪና ሞተር ሊያሠራ የሚመጣ ወጣት ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ቤንዚንና አየር ስለሚቀላቅለው ስለ ካርቡራቶር ነው። «ጋሼ፣ ባለ ሁለት አፉን ብናስገባለትስ?» ይለኛል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት አሰብ ወደብ ላይ ካለው ሦስት አራተኛው ብቻ ነው። አየር አጭቆ የሚያስገባ ተርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ሲነሣ ፋብሪካው ከጻፈለት ጉልበት ሩብ ያህሉን አስቀድሞ አጥቷል። የካርቡራቶሩ አፍ ስለሰፋ አየሩ አይወፍርም።

አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ከአሮጌ ላይትኤስ መኪና የወጣ ቶዮታ 5ኬ ነው፤ 1,486 ሲሲ፣ የሲሊንደሩ ስፋት 80.5 ሚሊ ሜትር፣ የፒስቶኑ ምልልስ 73። ባለቤቱ ግን ልቡ ያለው ሼቭሮሌ እ.ኤ.አ. በ1955 ባወጣው ባለ ስምንት ሲሊንደር ስሞል ብሎክ ላይ ነው፤ ስልኩን ከፍቶ ድምፁን ያሰማኛል። አብሽር፣ ዘሩ አንድ ነው አልኩት። የሁለቱም ብሎክ ብረት ነው፣ ቫልቮቹን የሚያስከፍተው ካምሻፍት ብሎኩ ውስጥ ነው፣ ቫልቩ የሚከፈተው በረጅም ዘንግ ተገፍቶ ነው፣ ሲሊንደሩም ከምልልሱ ይሰፋል። አሳምኜው እንደሆነ እንጃ።

ቀጭን አየር ላይ የሚያዋጣው ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ፒስቶኑ አየርና ቤንዚኑን የሚጨምቅበት ልክ፣ ነው። አንዱ ሲሊንደር 371 ሲሲ ተኩል ይይዛል። ፒስቶኑ ታች ሳለ ያለው ጠቅላላ ቦታ ላይ ሲደርስ ከሚቀረው ጋር 9 ለ1 እንዲሆን ከፒስቶኑ በላይ 46 ሲሲ ክፍተት ይበቃዋል፤ 11 ለ1 ካሻን ወደ 37 መውረድ አለበት። ከዚህ ውስጥ በብሎኩና በቴስታታው (በሞተሩ ክዳን) መካከል የሚገባው ጓርኒሲዮን ብቻውን፣ 1.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው፣ ስድስት ሲሲ ያህል ይወስዳል።

ይህን በዓይን የሚገምት መካኒክ አላምንም። ቴስታታውን ገልብጬ በውሃ ልክ አስተካክላለሁ፤ ቫልቮቹና እሳት የሚሰጠው ካንዴላ በቦታቸው ናቸው። ቤንዚኑ የሚቃጠልበትን ክፍል ከንፈር ግራሶ ቀብቼ ቀዳዳ ያለው ጥርት ያለ ፕላስቲክ እጭንበታለሁ፤ ከፋርማሲ በተገዛ መርፌ ነጭ ጋዝ ጠብ ጠብ አደርጋለሁ። የመጨረሻዋ የአየር አረፋ ከቀዳዳው ሥር ስትጠፋ የመርፌውን ቁጥር አነባለሁ። አራቱ ክፍሎች እኩል አይወጡም፤ የፋብሪካ ነገር ነው። ጠባቦቹን በእጅ ሞርጄ ከሰፊው ጋር ካስተካከልኩ በኋላ ነው ቴስታታው ወደ ቶርኖ ቤት የሚሄደው።

እዚያ ክፍተቱ እንዲጠብ ፊቱ ከተላጨ በኋላ የሚረሳ ነገር አለ። ቴስታታው ዝቅ ሲል የቫልቭ መግፊያው ዘንግ ያለ ልኩ ይረዝማል። ወይ ዘንጉ ያጥራል፣ ወይ ቫልቩን የሚጫነው የሮከሩ መቀመጫ በስስ ብረት ከፍ ይላል። ቫልቩና ፒስቶኑ እንዳይገናኙም ፒስቶኑ ላይ የልጆች ጭቃ ለጥፌ ሞተሩን በእጄ አዞራለሁ፤ የተጨፈለቀውን ጭቃ ቆርጬ ውፍረቱን እለካለሁ። በማስገቢያው ቫልቭ በኩል ከሁለት ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ አልገጥምም።

የካርቡራቶሩ ጄት (ቤንዚኑ የሚያልፍበት ቀዳዳ) ደግሞ ልጁ እንደሚመኘው ትልቅ ሳይሆን አነስ ያለ ነው፤ ቀጭን አየር ላይ በትልቅ ጄት ቤንዚኑ ይበዛና ካንዴላው ይጠቁራል። ይህ ሁሉ ልክ ግን ለደሴ ነው። መኪናው በባቲ በኩል ወደ ሚሌ ቢወርድ አየሩ ይወፍራል፣ 11 ለ1 ላይ ቤንዚኑ ራሱ በራሱ እየተቀጣጠለ ሞተሩ ማንኳኳት ይጀምራል። ስለዚህ ኢግኒሽኑን (ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ጊዜ) ጥቂት ዲግሪ እንዲያዘገይ፣ ትልቁንም ጄት ይዞ እንዲወርድ ነግሬዋለሁ። እርሱ አሁንም ስለ ባለ ሁለት አፉ ይጠይቀኛል። እኔ ደግሞ ሞተሩ ሳይጫን ፍሬኑን ይዘህ ና ብዬዋለሁ፤ የመጀመሪያው ሙከራ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው የሐረጎ ቁልቁለት ነውና።